በክረምት ድርቆሽ እንዳይሻግት፣ በሶም እንዳይመር ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ ከጎንደር፣ ማራኪ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ለፍልሰታ ጾም ስንቄን ከወዲሁ ለማዘጋጀት እየተነሣሁ ስለሆነ፣ ባለፈው ዓመት የደረሰብኝ እንዳይደገም ምክራችሁን እጠይቃለሁ። ቢሮ ውስጥ እየሠራሁ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለምጾም፣ ቶሎ የሚደርስልኝ ምግብ ከቤት በማመጣው የቲማቲም ስልስና በጀበና ሙቅ ውሃ የሚፈረፈር ድርቆሽ፣ ካልሆነም የበሶ ጭብጦ ነው። ሁለቱንም ከልጅነቴ ጀምሮ እጅግ እወዳቸዋለሁ። ይሁን እንጂ ባልደረቦቼ ከካፌ የጾም ፒዛ ሲያስመጡ፣ «የወታደር ስንቅ ይዛ መጣች» እንዳይሉኝ ፈርቼ ከመዝገብ መደርደሪያው ጀርባ ተቀምጬ የበላሁባቸው ቀናት ጥቂት አይደሉም።

ባለፈው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ የሦስት ቀን ዕድሜ የነበረውን ሃያ እንጀራ ቆራርሼ፣ ፀሐይ ብቅ ባለች ቁጥር በሰፌድ እያሰጣሁ፣ ዝናብ ሲመጣ እያስገባሁ አራት ቀን ደክሜበታለሁ። በፌስታል ቋጥሬ ያስቀመጥኩትን በስድስተኛው ቀን ስፈታው ነጭና አረንጓዴ ሻጋታ አብቦበት አገኘሁት። የሻገተውን ለይቼ ቀሪውን ልብላ ወይስ ሁሉንም ልጣል በሚለው ብዙ አመነታሁ። በሶውም በሰኔ የተፈጨ ነበርና ነሐሴ ሲገባ ጉሮሮ የሚይዝ ምሬት አመጣ። ስሕተቴ የት ላይ እንደነበር ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ከአዘዞ፣ የልጆች እናት

ልጄ፣ ድካምሽ አሳዘነኝ። ስሕተትሽ የጀመረው ከእንጀራው ነው፤ የሦስት ቀን እንጀራ ለዓይን ባይታይም ሻጋታውን ይዞ ነው ሰፌድ ላይ የሚወጣው። ድርቆሽ የሚሆነው ዛሬ ተጋግሮ ዛሬውኑ የተቆራረሰ፣ ሳሳ ያለ እንጀራ ነው።

በክረምት ፀሐይን ተስፋ አታድርጊ፤ የጎንደር ሐምሌና ነሐሴ ለስጥ አይሆንም። እኔ የማደርገውን ልንገርሽ። የመጨረሻው እንጀራ ከወጣ በኋላ የኤሌክትሪክ ምጣዴን አጠፋለሁ፤ ቀዝቀዝ ያለውን እንጀራ በጣቴ ልክ ቆራርሼ በቀረው ሙቀት ላይ ሳይደራረብ እበትነዋለሁ፤ አክንባሎውን ግን ገርበብ አድርጌ ነው የምከድነው። ጥርቅም አድርገሽ ከከደንሽው የወጣው እንፋሎት ተመልሶ ይንጠባጠብበትና ልፋትሽ ከንቱ ይሆናል። ምጣዱ ሲቀዘቅዝ ለጥቂት ደቂቃ እንደገና አብርቼ አጠፋለሁ፤ እንዲህ እያደረግሁ ሦስት ወይም አራት ጊዜ እያገላበጥኩ አደርቀዋለሁ።

መድረቁን በእጅሽ ዳስሰሽ ብቻ አትመኚ። ወፈር ያለውን ቁራሽ፣ በተለይ ከጠርዙ ሳይሆን ከመሐሉ የተቆረሰውን አንሥተሽ ስበሪው። ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል፤ ትንሽ እንኳ ጎበጥ ካለ ገና ነው። አንቺ በረንዳ ላይ ያደረቅሽው ከላይ ደርቆ ከውስጥ እንደ ሰፍነግ ውሃውን እንደያዘ ነበር።

መልስ፦ ከፒያሳ፣ በምግብ ዝግጅት ሙያ የተሰማራ

እናታችን በተናገሩት ላይ ስለ ሻጋታው ልጨምር። እኅቴ፣ የሻገተውን ለይቶ ቀሪውን መብላት ፈጽሞ አይገባም። በዓይን የሚታየው ቀለም የሻጋታው ፍሬ ብቻ ሲሆን፣ ሥሩ እንደ እንጀራ ባለ ቀዳዳ በበዛበት ምግብ ውስጥ ሳይታይ ርቆ ይሄዳል፤ አንዳንዱ የሻጋታ ዓይነት የሚያመነጨው መርዝም በማፍላት ወይም በመጥበስ አይወገድም። አንድ ከረጢት ውስጥ የነበረ ሁሉ አብሮ መጣል አለበት።

አቀማመጡን በተመለከተ፣ ድርቆሹ ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ በፌስታል መቋጠሩ በላብ ያርሰዋል። ከቀዘቀዘ በኋላ ክዳኑ በሚገባ በሚገጥም ደረቅ ማሰሮ ወይም በዱቄት ወተት ጣሳ ያስቀምጡት፤ የክረምት አየር ራሱ እርጥብ ስለሆነ ክፍት ዕቃ አይሆንም። በማግስቱ ከፍተው ከጣሳው መሐል አንድ ሁለቱን ይስበሩ። የለዘበ ካገኙ ሁሉንም መልሰው ያድርቁት፤ ይህች የአንድ ቀን ጥበቃ ብዙ ድርቆሽ አድናልኛለች። በበርበሬና በዘይት አሽቶ ማድረቅ የሚወዱ አሉ፤ ዘይቱ በጊዜ ስለሚከረፋ ለአንድ ሳምንት ካልሆነ በቀር አልመክርም።

በአፈራረፈሩም ላይ አንድ ቃል ልበል። ድርቆሽ ከትኩስ እንጀራ ይልቅ ብዙ ውሃ ስለሚጠጣ ስልሱ ቀጠን ያለ መሆን አለበት። ስልሱን አሙቀው ከእሳት ካወረዱ በኋላ ድርቆሹን ይጨምሩበትና ከድነው ሁለት ሦስት ደቂቃ ይተዉት፤ ቶሎ ካማሰሉት ይላቁጣል፣ ከታገሡት ግን ከውጭ ለስልሶ ከውስጥ ጥቂት እየተንኮሻኮሸ ይቀራል። ድርቆሽ የሚወደደው ስለዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

መልስ፦ ከደባርቅ፣ ገብስ አምራች ቤተሰብ

ስለ በሶው እኔ ልመልስ፤ አገራችን የገብስ አገር ናትና። ምሬት ከሁለት ነገሮች ሊመጣ ይችላል። አንደኛው አቆላሉ ነው፤ ገብሱ በኃይለኛ እሳት ከጠቆረ በሶው ከመጀመሪያው ቀን ይመራል። የእርስዎ ግን በሰኔ ደኅና ሆኖ በነሐሴ ስለመረረ፣ ምክንያቱ መቆየቱ ነው። እህሉ ሲፈጭ በውስጡ ያለው ጥቂት ቅባት ለአየር ይጋለጥና እየከረፋ ይሄዳል፤ ሙቀትና እርጥበት ደግሞ ያፋጥኑታል። ስለዚህ ተቆልቶና ተፈትጎ የተዘጋጀውን ገብስ በፍሬው ያስቀምጡና ለሁለት ሳምንት የሚበቃዎትን ብቻ እያስፈጩ ይጠቀሙ። የፍልሰታ ጾም ከነሐሴ 1 እስከ 15 ስለሆነ፣ በሐምሌ የመጨረሻ ቀናት አንድ ጊዜ ቢያስፈጩ ጾሙን ሙሉ ያደርስዎታል። ከወፍጮ ቤት የመጣው ዱቄት ትኩስ ስለሆነ፣ ዕቃ ውስጥ ከመክደንዎ በፊት በሰፌድ ዘርግተው ያቀዝቅዙት።

ጭብጦውን ሲሠሩ በሶውን ከጨውና ከበርበሬ ጋር በደረቁ ያዋህዱ፤ ከዚያ ዘይቱን አሽተው ያስገቡ፤ ለብ ያለውን ውሃ በመጨረሻ በማንኪያ ብቻ እየጨመሩ፣ በመዳፍዎ ሲጨብጡት የጣትዎን አሻራ ይዞ የሚቀር ሲሆን ያቁሙ። ውሃ የነካው ጭብጦ አያድርም፤ በየጠዋቱ ያዘጋጁት። መጠጣት ከፈለጉ በሃይላንዱ ውሃውን አስቀድመው፣ በሶውን ከላይ ይጨምሩና ይበጥብጡ፤ በሶው ከቀደመ ከታች ተጋግሮ ይቀራል።

መልስ፦ ከአራዳ

እኔም እንደ እርስዎ የምደብቀው ምግብ አለኝ፤ የትናንት ፓስታ በእንጀራ ተጠቅልሎ። ጣሊያን ጎንደርን ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. ይዞ በቆየበት ዘመን የተሠሩትን የፒያሳ ሕንፃዎች ቅርስ ብለን ለእንግዳ እያሳየን፣ ፓስታን በእንጀራ መብላት ለምን እንደሚያሳፍረን ሊገባኝ አልቻለም። ድርቆሽ ባለቀብዎት ቀን በሽንኩርት፣ በቲማቲምና በበርበሬ የተሠራ ፓስታ ለቢሮ ምሳ ይመቻል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነውና፣ ፓኮው ላይ ከተጻፈው ደቂቃ ሁለት ሦስት ጨምረው ይቀቅሉት።

የጠያቂዋ ምላሽ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት በአምስት እንጀራ ሞከርኩት፤ አክንባሎውን ገርበብ አድርጌ ሦስት ጊዜ አገላበጥኩና በጣሳ ከደንኩት። ዛሬ ጠዋት ስከፍተው ከጠርዙ ያነሣሁት ሁሉ ቀጭ ብሎ ተሰበረ፤ ከመሐል የተቆረሱት ሁለቱ ግን ጎበጡ። የፒያሳው ባለሙያ እንዳሉኝ ሁሉንም ወደ ምጣዱ መልሼዋለሁ፤ እናቴ፣ እርስዎ እንዳሉኝም ለቀጣዩ ጋገራ ሊጡን ቀጠን አድርጌ እንጀራውን አሳሳዋለሁ።