ፍላግ ፉትቦል፦ ፍላግ መከለል የሚባለው መቼ ነው?

ሰላም ወገኖች፣ እስቲ አንድ ነገር አስረዱኝ። የልጆች ፍላግ ፉትቦል መዳኘት ጀምሬያለሁ፤ ኳስ የያዘውን ጠልፎ በመጣል ፈንታ ወገቡ ላይ የተንጠለጠለውን ጨርቅ (ፍላጉን) በመንጠቅ የሚያስቆሙበት የአሜሪካ ፉትቦል ዓይነት ነው። 5 ለ 5 አሰላለፉም፣ ኳርተርባኩ (ኳሱን የሚወረውረው ተጫዋች) ላይ ለመሮጥ ከ7 ያርድ የሚነሳው ተከላካይም ገብቶኛል። ያቃተኝ ፍላግ መከለል ነው፤ ማለትም ኳስ የያዘው ሯጭ ፍላጉ እንዳይነጠቅ ሲከልለው። ሯጩ የተከላካዩን እጅ መትቶ ካራቀ ጥፋት ነው፤ ይሄ አያከራክርም። ግን ኳሱን ይዞ ሲሮጥ ክንዱ በተፈጥሮው ይወዛወዛል። ወገቡ ጋ ሲደርስ ፍላጉን ለቅጽበት ይሸፍነዋል። ልክ በዚያች ቅጽበት ተከላካዩ እጁን ሰዶ ይስታል። ጥፋት ለማሳየት ዳኛ የሚጥለውን ቢጫ ጨርቅ ልጣል ወይስ ጨዋታው ይቀጥል? ልጆቹ ሕጉን የሚማሩት ከውሳኔዬ ስለሆነ በጣም ያስጨንቀኛል። የዳኛችሁ ካላችሁ፣ ዓይናችሁ የሚያርፈው ክንዱ ላይ ነው ወይስ ወገቡ ላይ? ጎንበስ ብሎ ትከሻውን ዝቅ የሚያደርገውንስ እንዴት ትዳኙታላችሁ?