ባሌ 61 ሺህ ዶላር ሠርቶ ገቢው አያንስም ወይ ተባልን፣ የገባችሁ እርዱኝ

የማራኪዋ (ጎንደር)

ሰላም እህት ወንድሞቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። የምጽፈው ከጎንደር ነው፣ ማራኪ። አንድ የግል ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ። ባለቤቴ ቨርጂኒያ ነው፣ የአሜሪካ ዜግነት አለው። የተጋባነው በእኛ አቆጣጠር በ2015 የጥምቀት ሰሞን ነው። ከሠርጉ በኋላ አብረን የቆየነው ሦስት ሳምንት ብቻ ነው። አይ-130ው (ባሌ ለኔ ያስገባው ማመልከቻ) ጸድቆ አሁን ኬዛችን ኤንቪሲ (የአሜሪካ ብሔራዊ የቪዛ ማዕከል) ደርሷል። የቪዛውን 325፣ የስፖንሰር ወረቀቱንም 120 ዶላር ከፍለናል። የጋብቻ፣ የልደት፣ የፖሊስ ማስረጃው ሁሉ ተተርጉሞ ገብቷል።

የተያዝነው በገቢ ነው። ባሌ አይ-864ቱን (ስፖንሰሩ ወጪዋን እችላለሁ ብሎ የሚፈርመውን ቅጽ) ሞልቶ ከ2024 ታክሱ ጋር አስገባ። የመጣው መልስ የስፖንሰሩ ገቢ መስፈርቱን ላያሟላ ይችላል፣ ተጨማሪ ማስረጃ ወይም ጆይንት ስፖንሰር (ከባሌ ሌላ አብሮ የሚፈርም ዋስ) አቅርቡ ይላል። ይሄ ነው ያልገባኝ። ሰውዬው ኡበር ነው የሚነዳው። ሁልጊዜ የምንደዋወለው መኪና ውስጥ ሆኖ ነው፣ "ቆይ ተሳፋሪ መጣ" ብሎ ይዘጋዋል፣ ከዚያ እኔ ስልኬን ደረቴ ላይ አድርጌ እንቅልፍ ይወስደኛል። ባለፈው ዓመት ከ61 ሺህ ዶላር በላይ ገባልኝ ብሎ ወረቀቱን ልኮልኝ በዓይኔ አይቻለሁ። በ2025 ለሁለት ሰው የሚጠየቀው ደግሞ 26,437 ነው አሉን። 61 ሺህ እንዴት ሆኖ ነው ከ26 ሺህ የሚያንሰው?

ፒያሳ ፎርም የሚሞላ አንድ ሰው ጋ ሄጄ ነበር። "አሜሪካ ያለ ስፖንሰር አገኝልሻለሁ፣ 150 ሺህ ብር አዘጋጂ" አለኝ። የሰውዬውን ስም እንኳ አልነገረኝም። እናቴ ደግሞ ከሳጥኗ የቤቱን ካርታ አውጥታ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችልኝ፣ "ይሄ ዋስ አይሆንም ወይ?" ብላ። አባቴ ያቆመው ቤት ነው። ምን ልበላት? የእኔስ ደመወዝ ይደመራል? በሞቴ የምታውቁ ንገሩኝ።

አዘዞ ተወልጄ

አይዞሽ እህቴ፣ እኛም ያለፍንበት ነው። እኔን ያመጣችኝ ባለቤቴ ናት፣ ሚኒሶታ የነርሲንግ ሆም ሠራተኛ ናት። የሷም ገቢ በጥቂት ዶላር ጎድሎ ነበር። አብሯት የሚኖረው ወንድሟ አይ-864ኤ የሚባለውን፣ የቤተሰብ አባል ገቢውን የሚያስደምርበትን ቅጽ ፈርሞ የሁለቱ ገቢ ተደመረ፣ አለቀ። ባልሽ አብሮት የሚኖር ዘመድ ካለ ያንን ይሞክር።

ያንን የፒያሳውን ሰው ግን ተይው። 150 ሺህ ብር ስለሆነ አይደለም፣ አምስት ብርም ቢሆን ተይው። የማታውቂው ሰው ወረቀት በኬዝሽ ውስጥ ገብቶ ውሸት ሆኖ ከተገኘ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ፣ ማጭበርበር ተብሎ ከተያዘብሽ ደግሞ ዕድሜ ልክ ቪዛ ሊያስከለክል ይችላል። አብሮኝ አዲስ አበባ ቃለ መጠይቅ የገባ ልጅ ቆንስሏ "ይሄ ሰው ምንህ ነው? የት ነው የሚኖረው?" ስትለው አፉ ተሳሰረ። በመስታወቱ ማዶ ሆና እየጠበቀችው ነበር፣ እሱ ወረቀቱን ያገላብጣል። እስከዛሬ አይረሳኝም።

ታክስ ሠሪው (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

እህት፣ ሥራዬ ይሄው ስለሆነ ትንሽ ላርዝመው። በየዓመቱ ለብዙ የኛ ልጆች የኡበርና የሊፍት ታክስ እሠራለሁ፣ ይሄ ጥያቄ የማይመጣበት ዓመት የለም።

ባልሽ የላከልሽ ወረቀት 1099-ኬ ይመስለኛል። እዚያ ላይ ያለው ቁጥር ተሳፋሪው የከፈለው ጠቅላላ ገንዘብ ነው እንጂ የሱ ገቢ አይደለም። ኡበር የሚቆርጠው ኮሚሽንም እዚያው ውስጥ አለ። ከዚያ ታክስ ሲሠራ የመኪናው ማይል ይቀነሳል። በ2024 ለአንድ ማይል 67 ሳንቲም ነው። አንድ የሙሉ ጊዜ ሹፌር በዓመት 40 ሺህ ማይል ነዳ በይ። 26,800 ዶላር ከገቢው ወረደ ማለት ነው። ኮሚሽኑ ደግሞ 15 ሺህ ምናምን ቢሆን፣ 61 ሺህ የነበረው 19 ሺህ አካባቢ ይቀራል። መንግሥት የሚያየው ይሄንን የመጨረሻውን ነው። ሼዱል ሲ የሚባለው፣ የግል ሥራ ትርፍ የሚሰላበት ገጽ ላይ መስመር 31ን ይይልሽ። ከዚያ ዋናው የታክስ ቅጽ፣ 1040ው ላይ መስመር 9 ጠቅላላ ገቢውን ይነግርሻል።

ታክስ ሲከፍል ያ ቅናሽ ጠቅሞታል፣ ትንሽ ከፍሏል። ስፖንሰር ሲሆን ግን ያው ቅናሽ ዞሮ እሱን ያዘው። ጥፋት አልሠራም፣ ሕጉ የፈቀደው ነው። "እንግዲያው ማይሉን ትቼ ታክሱን እንደገና ልሥራው" የሚሉ አሉ። እኔ አልመክርም። የተስተካከለ ታክስ፣ 1040-ኤክስ የሚባለው፣ በእውነት ያልተመዘገበ ገቢ ካለ ነው እንጂ ቁጥር ለማሳመር አይደለም።

ደመወዝሽ አይቆጠርም። የሚቆጠረው አሜሪካ ከገባሽም በኋላ ከዚያው ምንጭ የሚቀጥል ከሆነ ብቻ ነው፣ የጎንደር ፋርማሲ ደግሞ ይቆማል። ቤቱም እንደዚያው ነው። ንብረት የሚቆጠረው የስፖንሰሩ፣ የአንቺ ወይም አይ-864ኤ የፈረመ የቤተሰቡ አባል ሲሆን ነው፣ ካርታው በእናትሽ ስም ከሆነ ከነጭራሹ አይገባም። በስምሽ ቢሆን እንኳ በአንድ ዓመት ውስጥ ተሽጦ ገንዘቡ ሊወጣ እንደሚችል ማሳየት አለብሽ፣ ብርን ዶላር አድርጎ ከአገር ማውጣት ደግሞ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ታውቂዋለሽ። መጠኑም ከባድ ነው። የዜጋ ባለቤት ስለሆንሽ የጎደለውን ሦስት እጥፍ ንብረት ይጠየቃል፣ ባልሽ ግሪን ካርድ ብቻ ቢኖረው አምስት እጥፍ ነበር። እናትሽን ካርታሽን አስቀምጪ በያት።

ሁለት ነገር ልጠይቅሽ። ባልሽ ከዚህ በፊት ሌላ ሰው ስፖንሰር አድርጎ ያውቃል? አሁንስ የሚሠራው ኡበር ብቻ ነው?

የማራኪዋ (ጎንደር)

እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ። ሌሊት ደውዬለት መስመሩን አየልኝ፣ 19,400 ነው የሚለው። ልክ እንዳልከው!

እናቱን በእኛ አቆጣጠር በ2013 አምጥቷታል፣ አሁን እህቱ ጋ ሜሪላንድ ነው የምትኖረው። እሱ ጋ አብሮት የሚኖረው የአክስቱ ልጅ ነው፣ ጥሩ ደመወዝ አለው፣ የሱን እንደምር? ደግሞ ከጥር ጀምሮ ኡበሩን ቀንሶ አንድ ፓርኪንግ ድርጅት ተቀጥሯል፣ በሰዓት 19 ዶላር፣ በሳምንት 40 ሰዓት። ይሄንን ግን ፎርሙ ላይ አልጻፈውም፣ ታክሱ የ2024 ስለሆነ አይመለከተውም ብሎ።

ታክስ ሠሪው (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ዋናውን ነገር ነው የተወው!

ቅጹ የሚጠይቀው የዛሬውን ዓመታዊ ገቢ ነው። ያለፈው ዓመት ታክስ አብሮ ይያያዛል እንጂ እሱ ብቻ አይደለም የሚታየው። 19 ዶላር በሳምንት 40 ሰዓት፣ ዓመቱን ሙሉ ሲሠራ 39,520 ነው። ስለዚህ ቅጹን እንደገና ይሙላው። አሠሪው ደብዳቤ ይጻፍለት፣ መቼ እንደጀመረ፣ ቋሚ መሆኑን፣ በሰዓት ስንት እንደሚከፈለው። የደመወዝ ቁራጮቹን፣ ፔይ ስተቦቹን፣ ከጥር ጀምሮ ያሉትን በሙሉ ያያይዝ።

አሁን መጥፎውን ልንገርሽ። እናቱን ስፖንሰር አድርጎ ከሆነ ያ ግዴታ ገና አላበቃም፣ እህቱ ጋ ብትኖርም ትቆጠራለች። ስለዚህ ሁለት አይደላችሁም፣ ሦስት ናችሁ። የ2025ቱ መጠን ለሦስት ሰው 33,312 ነው። የቤተሰቡ ቁጥር ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ ቅጹ ላይ ሁለት ብሎ ከጻፈ ያስተካክለው። 39,520 ይሄንንም ያልፋል።

የአክስቱ ልጅ ግን አይደመርም። አዘዞ ተወልጄ የነገረሽ የሠራው ፈራሚው የሚስቱ ወንድም ስለሆነ ነው። ለአይ-864ኤ የቤተሰብ አባል የሚባለው ባል ወይም ሚስት፣ ወላጅ፣ ለአቅመ አዳም የደረሰ ልጅ፣ ወንድም፣ እህት፣ ወይም ታክሱ ላይ እንደ ጥገኛ የተመዘገበ ሰው ነው። የአክስት ልጅ እኛ ጋ ወንድም ነው፣ እዚያ ወረቀት ላይ ግን አይደለም። ጆይንት ስፖንሰር መሆን ግን ይችላል፣ ለዚያ ዝምድና አይጠየቅም። ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው፣ 18 ዓመት የሞላው፣ አሜሪካ የሚኖር ይሁን እንጂ።

ሥራው ገና አምስት ወር አልሞላውም። አንዳንዱ ቆንስል "ይሄ ሥራ ይቀጥላል ወይ?" ብሎ ሊጠራጠር ይችላል። ከጎንደር አዲስ አበባ ወርዳችሁ፣ ያውም በዚህ ጊዜ በአውሮፕላን፣ ጆይንት ስፖንሰር አምጡ ተብላችሁ ከምትመለሱ አንድ ሰው ከአሁኑ ብታዘጋጁ ይሻላል።

የቀሃው (ዳላስ)

ልጄ፣ እኔ የቀሃ ልጅ ነኝ፣ ከወጣሁ 31 ዓመቴ ነው። ስለ ጆይንት ስፖንሰር ከፈራሚው ወገን ሆኜ ልንገርሽ።

የወንድሜ ልጅ ሚስቱን ሊያመጣ ሲል ለኔ የነገረኝ በስልክ ነው። "ጋሼ፣ አንዲት ፊርማ ናት" አለኝ። ታክሴን ላክልኝ አለ። እኔም እሺ አልኩ። ቅጹን ከፍቼ ሳነብ ግን አንዲት ፊርማ አልነበረችም። ከመንግሥት ጋር የሚገባ ውል ነው። የመጣው ሰው በገቢ ላይ የተመሠረተ እርዳታ ከተቀበለ መንግሥት እኔን ገንዘቡን ክፈል ሊለኝ ይችላል። የሚያበቃው ሰውዬው ዜጋ ሲሆን፣ ወይም 40 ሩብ ዓመት ሲሠራ፣ ያ ማለት ወደ አሥር ዓመት ነው፣ ወይም ግሪን ካርዱን ትቶ ከአሜሪካ ሲወጣ፣ ወይም ሲሞት ነው። ቢፋቱ እንኳ አያበቃም። ሚስቴ ይሄንን ስታነብ ሁለት ቀን አላናገረችኝም። እውነቷን ነው፣ የሁለታችንም ጓዳ ነው።

ሰው ብዙ አይጠይቅም፣ ገቢህ ስንት ነው ብሎ ያልፋል። የኔም ቁጥር ቢሆን አምስት ነበር፣ እኔ፣ ሚስቴ፣ ሁለት ልጆቼ፣ የምትመጣዋ። በ2025ቱ መጠን 47,062 ማለት ነው። ደግሞ ጆይንት ስፖንሰር ለብቻው ነው መሙላት ያለበት። የባልየው ገቢ ተጨምሮ አይደለም፣ ባልየውም ቢሆን የራሱን አይ-864 መሙላት አለበት።

በመጨረሻ ፈረምኩለት። ግን የፈረምኩት ልጁ እቤቴ ድረስ መጥቶ ከሚስቴ ፊት ቁጭ ብሎ ስንት እንደሚሠራ፣ ስንት ዕዳ እንዳለበት፣ ልጅቷ እንደመጣች ምን ልትሠራ እንዳሰበች አንድ በአንድ ከነገረን በኋላ ነው። ሽማግሌ ይዞ እንደመጣ ነው የቆጠርኩት። ባልሽም ለአክስቱ ልጅ እንዲህ ይንገረው፣ አብሮኝ ነው የሚኖረው ብሎ እንዳያቀለው። ውሉን በአማርኛ አስረድቶ ያንብብለት።

የማራኪዋ (ጎንደር)

አባቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ዕድሜ ይስጥዎት። የጻፉትን ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። "ይሄ ሰው የማን ልጅ ነው?" አለችኝ።

ባሌን ሌሊት አስጨነቅኩት። መጀመሪያ ተቆጣ፣ "ለዘመዴ ውል ላንብብለት?" አለኝ። ከዚያ የእርስዎን መልዕክት ላኩለት። ዛሬ ጠዋት ደውሎ ነገረኝ፣ ከሥራ ሲመለሱ ሁለቱም ኩሽና ውስጥ ቁጭ ብለው ወረቀቱን ገጽ በገጽ አዩት። የአክስቱ ልጅ ነጠላ ነው፣ ከኔ ጋር ሁለት ይቆጠራል፣ ደመወዙ ከ26,437 በእጥፍ ይበልጣል። እስከ እሑድ አስቤ እነግርሃለሁ ብሎታል። ማሰቡ ደስ አለኝ፣ ወዲያው እሺ ቢል ኖሮ እፈራ ነበር።

ካርታው ወደ ሳጥኑ ተመልሷል። ፒያሳ ሰውዬው ሁለት ጊዜ ደወለ፣ አላነሳሁም።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። የአሠሪው ደብዳቤ ማኅተም ይፈልጋል? እኛ ጋ ያለ ማኅተም ወረቀት ወረቀት አይደለም።

ታክስ ሠሪው (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ማኅተም አያስፈልገውም። የድርጅቱ ስምና አድራሻ ከላይ ያለበት ወረቀት ይሁን፣ ቀን ይኑረው፣ የፈረመው ሰው ስምና ስልክ ከታች ይጻፍ። ታክሱን ደግሞ ከአይአርኤስ (ከአሜሪካ ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት) ድረ ገጽ ትራንስክሪፕት፣ ማለትም የታክሱን ማጠቃለያ አውርዶ ያስገባ፣ በነጻ ነው። የባልሽንም የአክስቱን ልጅም ለየብቻ ጫኑት፣ አንድ ላይ እንዳትቀላቅሉት።