ረጅሙን ተረኝነት ያሳጠራችሁ ሐኪሞች፣ የታካሚ ርክክቡን እንዴት አደረጋችሁት?

ሬዚደንት ሐኪም ነኝ፤ ስፔሻሊቲ እየተማርኩ ሆስፒታል እሠራለሁ። እባካችሁ እርዱኝ፣ መላ ጠፍቶኛል።

ተረኝነታችን ከ24 ሰዓት ያልፋል። ንጋት ላይ የመድኃኒት መጠን ስጽፍ ቁጥሩን ደጋግሜ አነበዋለሁ፤ ዓይኔ ያየውን ጭንቅላቴ አይዘውም። ይሄ ለታካሚ አደጋ ነው። ሰዓቱ ይቀነስ ስንል ደግሞ አለቆቻችን «ሐኪም በተቀያየረ ቁጥር መረጃ ይጠፋል» ይሉናል። እውነታቸውን ነው፤ መልስ ያጣሁትም ለዚህ ነው።

አሜሪካ ከ2003 ጀምሮ የሬዚደንት ሥራ በሳምንት በአማካይ ከ80 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስናለች። የአውሮፓ ኅብረት ጣሪያ 48 ነው። በ2004 የወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ ረጅሙ ተረኝነት ሲቀር ኢንተርኖች (የመጀመሪያ ዓመት ሬዚደንቶች) የሚሠሩት ከባድ ስህተት እንደሚቀንስ አሳይቷል። ሰዓት መቁረጥ ብቻውን ግን የሚበቃ አይመስለኝም፤ ርክክቡም፣ ማለትም ወጪው ሐኪም የታካሚዎቹን መረጃ ለተተኪው የሚያስተላልፍበት መንገድ፣ መስተካከል አለበት።

እናንተ ጋ ርክክቡ በጽሑፍ ነው ወይስ በቃል? ሲኒየር ሐኪም ይገኛል? ነርሶችስ? ስልክ እየጮኸ፣ ድንገተኛ ታካሚ እየገባ እንዴት ሳይቋረጥ ያልቃል? በተለይ ውጤቱ ያልደረሰ የላብራቶሪ ምርመራ ማን እንደሚከታተል በምን ታረጋግጣላችሁ? እኛ ጋ በብዛት የሚረሳው እሱ ነው።

የምትጠቀሙበት ቅጽ ካለ አጋሩኝ። በዚህ ሳምንት ለክፍሉ ኃላፊ ሐሳብ ማቅረብ አለብኝ።