በልጆች የጊዜ ጉዞ ልብወለድ ውስጥ የእናት ሕመም፦ ልጅቷ ለምን አታድናትም?

የብራና ልጅ (ጠያቂ)
ከ9 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች የሚሆን ልብወለድ እየጻፍኩ ነው። የ11 ዓመቷ ባለታሪክ እናት ሀንቲንግተን የሚባለው በዘር የሚወረስ የአንጎል ሕመም አለባት፤ ቤተሰቡ ግን ከልጅቷ ደብቆታል። ልጅቷ አያቷ እኩያዋ ወደነበረችበት ዘመን፣ ወደ 1965 ትሄዳለች (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ያለፈውን መቀየር ከቻለች እናቷን ለምን አታድናትም? ካልቻለች ደግሞ ጉዞው ምን ይፈይዳል?

ዘጠነኛው ረቂቅ (መላሽ)
እህቴ፣ መልሱ እዚያው ሕመሙ ውስጥ አለ። ሀንቲንግተን ካለበት ወላጅ ወደ እያንዳንዱ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ 50 በመቶ ነው፤ ያልወረሰው ሰው ለልጁ አያወርስም። ስለዚህ እናትየዋ ከእናቷ ወርሳው ከሆነ፣ አያትም ከወላጆቿ ከአንዱ ወስዳዋለች። ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ30 እስከ 50 ዓመት ባለው ዕድሜ በመሆኑ፣ በ1965 የ11 ዓመቷ አያት ጤነኛ ናት፤ የሚታየው የአባቷ፣ ማለትም የልጅቷ ቅድመ አያት፣ ሕመም ነው። ሕመሙን የሚያመጣው ዘረ-መል (ጂን) ተለይቶ የታወቀው በ1993 ነው። ዛሬም የሚፈውስ መድኃኒት የለም፤ ልጅቷ በኪሷ ይዛው የምትሄደው ነገር የለም ማለት ነው። አንባቢ ይህን ቀደም ብሎ ካወቀ ጥያቄሽ በራሱ ይወድቃል።

ጉዞው የሚፈይደው ምስጢሩን በመግለጥ ነው። የታመመው ሰው እግሩ ይወላገዳል፣ እጁ ሳያዘው ይወራጫል፣ አንደበቱ ይተሳሰራል፤ ላላወቀው ሰካራም ይመስላል። ቤተሰቡ ልጅቷን "ቅድመ አያትሽ ጠጪ ነበር" እያለ ያሳድጋት። በምዕራፍ አንድ አባቷ ለእናቷ ሻይ ሲቀዳ ስኒውን ከግማሽ በላይ አይሞላም፤ ምክንያቱን ማንም አያነሳም። በ1965 አንዲት ሴት ለባሏ ልክ እንደዚያው ግማሽ ስኒ ትቀዳለች፤ ሰውየው በሁለት እጁ አፍኖ ይይዘዋል፣ አፉም መጠጥ አይሸትም። ሰውየው ጠጪ ሳይሆን እንደ እናቷ የታመመ መሆኑ ልጅቷን ማንም ሳይነግራት ይገባታል። ምስጢርን ከተቆለፈ ሳጥን በወጣ ደብዳቤ ከመግለጥ ይህ እጅግ ይሻላል።

ሰዓት ጠጋኝ (መላሽ)
በዚህ እስማማለሁ፤ ግን "ያለፈውን መቀየር አይቻልም" የሚለውን የታሪክሽን ሕግ በንግግር አትግለጪው፣ በትንሽ ዕቃ አሳዪው። ዛሬ ቤታቸው ከአያቷ ዘመን የቆየ፣ ጠርዙ የተሸረፈ ማሰሮ ይኑር። በመጀመሪያው ጉዞ ማሰሮው ሊወድቅ ሲል ለመያዝ ትዘላለች፤ የሚሸረፈው እሷ ስለገፋችው ነው።

የእያንዳንዱን ሰው ዕድሜ በየዓመቱ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ሥሪ፤ የልደት ወርም ይግባበት። በኅዳር 1954 የተወለደች ልጅ በሰኔ 1965 ገና 10 ዓመቷ ነው፤ ብዙ ረቂቅ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሌላው ወጥመድ መነሻ የሌለው ዕቃ ነው፦ ልጅቷ አንድ ቀለበት ለአያቷ ከሰጠቻት፣ አያትም ያንኑ ለልጅቷ ካወረሰች፣ ማን ሠራው?

የጠዋት አንባቢ (መላሽ)
እኔ ግን ልጅ አንባቢ አንድ ነገር ሲቀየር ማየት ይፈልጋል እላለሁ። ለዚያ የሚሆነው ዓይነት አንድ ስኳር ሕመም ነው። ኢንሱሊን ለሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው በጥር 1922 ለ14 ዓመት ልጅ ነው፤ ጉዞው ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ይበል። ባለ 10 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ 1000 ዩኒት (የኢንሱሊን መለኪያ) ይይዛል፤ ከተከፈተ በኋላ ብዙዎቹ ዓይነቶች 28 ቀን ያህል ያገለግላሉ፣ በረዶ ከሠራ ደግሞ ይበላሻል። የዚያ ዘመን ስሪንጅ በዩኒት አልተከፋፈለም፤ 0.1 ሚሊ ሊትር 10 ዩኒት መሆኑን የማያውቅ ሰው ልጁን ሊገድለው ይችላል። ጀብዱው ከዚህ ይወጣል።

የብራና ልጅ (ጠያቂ)
ሀንቲንግተኑን አልተውም። መጨረሻ ላይ ልጅቷ ትመርመር?

ዘጠነኛው ረቂቅ
በፍጹም። ምልክት የሌለበት ልጅ በመርህ ደረጃ 18 ዓመት ሳይሞላው አይመረመርም፤ ውሳኔው አድጎ፣ ከምክር አገልግሎት ጋር፣ የራሱ ነው። ይልቅ እናትየዋ ሦስት ነገር ትንገራት፦ ሕመሙ በልጅቷ ጥፋት አልመጣም፣ አብሮ በመብላት አይጋባም፣ እናቷ ስትደክም ልጅቷን የሚንከባከባት ሰው ማን እንደሆነ በስሙ። "እኔስ?" ብላ ስትጠይቅ ግን "አንቺን አይነካሽም" አታሰኚያት። "አላውቅም" ትበላት፣ ስኒውንም ልጅቷ ትቅዳላት።