የልጆቹ የመዝናኛ ፓርክ ጉዞ፦ ረቂቁን አብረን እናስተካክል

ሰብሳቢ፦
ባለፈው ስብሰባ በተነጋገርነው መሠረት ረቂቁን አዘጋጅቻለሁ። ባጭሩ፣ በሩ ሲከፈት እንገባለን፣ ቀኑን ሙሉ ሁላችንም አንድ ላይ እንዞራለን፣ ማታ ርችቱን አይተን እንመለሳለን። ያልተመቻችሁ ነገር ካለ አሁኑኑ ንገሩኝ። ለኮሚቴው የሚቀርበው የሁላችንም ሐሳብ እንዲሆን ነው የምፈልገው።

የመንትዮቹ እናት፦
እህቴ፣ ስለደከምሽበት እግዜር ይስጥልኝ። "ሁላችንም አንድ ላይ" የሚለው ግን ይቅር። አምና ከዘመዶቻችን ጋር እንደዚያ ሄደን ነበር። ትልቁ ልጄ ለፈጣኑ የመጫወቻ ባቡር ሃምሳ ደቂቃ ወረፋ ጠብቆ ሲደርስ ሠራተኛዋ የቁመት መለኪያው ሥር አቆመችው። ቁመቱ በሁለት ጣት ያህል አጠረ። በጣቶቹ ቆሞ ሲንጠራራ አየሁት፤ ከዚያ አንገቱን ደፋ። የአጎቱ ልጅ በዓመት ያንሰዋል፣ ግን ረዘም ያለ ነውና ገባ። ቤት ሳልለካው ይዤው መሄዴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ስለዚህ ልጆቹን በዕድሜ ሳይሆን በቁመት እንከፋፍላቸው።

አንድ አባት፦
እውነቷን ነው። ፈጣን ባቡሮች ላይ በብዛት የሚጠየቀው 102፣ 112 ወይም 122 ሴንቲ ሜትር ነው። ካሊፎርኒያ ባለው ዲዝኒላንድ ለምሳሌ ስፔስ ማውንቴን የሚባለው ፈጣን ባቡር 102 ይጠይቃል። የደረት መያዣውና ቀበቶው የተሠሩት ለዚያ ቁመት ስለሆነ ከዚያ ያነሰ ልጅ ሊሾልክ ይችላል። ሠራተኛውን መለመን ተገቢ አይደለም፤ በልጁ ፊት ደግሞ ጨርሶ መደረግ የለበትም።
ፓርኩን የምንመርጥበትም መንገድ ይኸው ይሁን። ፓርኮቹ የእያንዳንዱን መጫወቻ የቁመት ልክ ድረ ገጻቸው ላይ ያወጣሉ። በቡድናችን ከሁሉ የሚያንሰው ልጅ ስንቱ ላይ መውጣት እንደሚችል እንቁጠር። ሌጎላንድን የመሰሉት ፓርኮች በዋናነት ከ2 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች የተዘጋጁ ናቸው፤ ሌሎቹ ደግሞ ስማቸው ገኖ ለትንንሾቹ ያላቸው አንድ ጥግ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ሰብሳቢ፦
በቁመት መከፋፈሉ ይግባ። ግን ትልቅም ትንሽም ልጅ ያለው ወላጅ የትኛው ቡድን ውስጥ ይሆናል?

የመንትዮቹ እናት፦
ለዚህ ተራ መለዋወጥ የሚባል አሠራር አለ። ዲዝኒ "ራይደር ስዊች" ይለዋል። አንዱ ወላጅ ትልቁን ይዞ ሲወጣ ሌላው ከትንሹ ጋር ይቆያል፤ ከዚያ ይቀያየራሉ፣ ሁለተኛው ረጅሙን ወረፋ እንደገና አይሰለፍም። ወረፋው መግቢያ ላይ ያለውን ሠራተኛ ቀድሞ መጠየቅ ነው። የምንመርጠው ፓርክ ይህ እንዳለው ይጣራ የሚል ረቂቁ ውስጥ ይጻፍ።

አያት፦
ልጆቼ፣ እኔ ስለ ርችቱ ልናገር። የሁለት ዓመት ልጅ እስከ ማታ አይቆይም። በሩ ሲከፈት ግቡ፣ ያኔ ወረፋውም አጭር ነው፤ ቀትር ላይ ጋሪው ውስጥ ጥላ ሥር ይተኙ። ከእንቅልፍ በኋላ አንድ ሁለት ነገር፣ ከዚያ ወደ ቤት። ልጅ ሳያለቅስ የወጣበት ቀን ነው ጥሩ ቀን የሚባለው።
ደግሞ ያ ትልቅ ጭንቅላት ያለው የአሻንጉሊት ልብስ ለብሶ የሚመጣ ሰው አለ አይደል፣ ለፎቶ ብላችሁ ሕፃኑን እቅፉ ውስጥ አትክተቱት። የልጅ ልጄ እንዲያ ሲያደርጓት ቀሚሴ ውስጥ ገብታ አንድ ሰዓት አልወጣችም። ከሩቅ ታየው፣ እጇን ታወዛውዝ፣ ከፈለገች ራሷ ትሄዳለች።

አንድ አባት፦
እማማ ልክ ናቸው። ርችቱ ለሕፃን ጆሮም ከባድ ነው። "ማታ" የሚለው "ከቀትር በኋላ" ተብሎ ይስተካከል፤ መቆየት የፈለገ ቤተሰብ በራሱ ይቆይ።
ልጅ ቢጠፋስ? የወላጁ ስልክ ቁጥር በማይለቅ እስክሪብቶ ክንዱ ላይ ይጻፍ። ጠዋት በሩ ላይ እያንዳንዱን ልጅ ከነልብሱ ፎቶ እናንሳው፤ ደንግጦ ያለ ወላጅ የሸሚዙን ቀለም እንኳ አያስታውስም። ለልጆቹም የፓርኩን ሠራተኛ ልብስ እናሳያቸው፣ ከጠፋችሁ ወደዚህ ሰው ሂዱ እንበላቸው።

አያት፦
አንድ ነገር ጨምሩልኝ። እኔና እንደኔ ያሉት አንድ አግዳሚ ወንበር መርጠን እዚያው እንቀመጣለን። ዕቃውም እዚያ ይሁን፣ የደከመውም ልጅ ወደኛ ይምጣ።

ሰብሳቢ፦
ገብቷል እማማ፤ አንቀጽ ሦስት ይሆናል። አንቀጽ አንድ አሁን እንዲህ ይነበባል፦ "ልጆች በቁመት በሦስት ይመደባሉ፤ ከ102 ሴንቲ ሜትር በታች፣ ከ102 እስከ 122፣ ከዚያ በላይ። ፓርኩ የሚመረጠው ለመጀመሪያው ምድብ ባለው ነገር ብዛት ነው።" እስከ ዓርብ ልጆቻችሁን ያለ ጫማ ግድግዳ አስደግፋችሁ ለኩና ቁጥሩን ላኩልኝ። እባካችሁ ወደ ላይ አታጠጋጉ።