ክርክር፦ በእግዚአብሔር ደስ መሰኘት መሻታችንን ያሟላል ወይስ ይለውጣል?

አወያይ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የዛሬው ክርክር በመዝሙር 37፥4 ላይ ነው። «በእግዚአብሔር ደስ ይበልህ፥ የልብህንም መሻት ይሰጥሃል» ይላል። አንዱ ሰባኪ ይህን ይዞ «የፈለግከውን ታገኛለህ» ይላል። ሌላው ያንኑ ይዞ «መፈለግህን ተው» ይላል። እናንተስ? ሐሳብ እንተች፣ ሰው አንንካ።

የመዝሙር ወዳጅ፦ ምን ያከራክራል? «ይሰጥሃል» ይላል እኮ። ማቴዎስ 7 ላይም «ለምኑ ይሰጣችሁማል» ተብሏል። አባት ለልጁ መልካም ነገር ይሰጣል። ይህን ተስፋ ለምን እናጠብበዋለን?

ባለ ደብተሩ፦ ወንድሜ፣ መዝሙሩን ከላይ ጀምረህ አንብበው። መጀመሪያው ላይ በክፉዎች አትቅና ይላል። ዝቅ ብሎም ከቁጣ ራቅ ይላል። የሚያናግረው በሌላው ስኬት ውስጡ የተቃጠለ ሰውን ነው። እንዲህ ያለ ሰው የሚመኘው ሁሉ እንዳለ ቢሰጠው ይጠፋል። ያዕቆብ 4፥3ም ለገዛ ምቾታቸው ብለው ስለሚለምኑ የማይቀበሉ ሰዎች እንዳሉ ይናገራል።

ከራሴ ልጨምር። አንድ የሥራ እድገት አጥብቄ እፈልግ ነበር። የጸሎት ደብተሬ ላይ በትልቁ ጽፌ ከሥሩ አስምሬበታለሁ። ቦታው ለባልደረባዬ ተሰጠ። በዚያ ሰሞን ጠዋት ጠዋት ስልኬን ሳልከፍት አንድ መዝሙር ማንበብ ጀምሬ ነበር። ምንም አልለምንም። እግዚአብሔር ምን ዓይነት አምላክ እንደሆነ ብቻ አስባለሁ። አንድ ቀን ያንን ገጽ ገልጬ ከመስመሩ በታች የባልደረባዬን ስም ጻፍኩ። ሥራው እንዲቃናለት ጸለይኩ። ማንም አላዘዘኝም። እድገቱን ዛሬም ቢሰጡኝ ደስ ይለኛል፤ እንቅልፍ ግን አይነሳኝም።

ጠባቂዋ፦ ወንድሜ፣ እንኳን ደስ አለህ። ግን ይኸው ትምህርት በሰው አፍ ሲነገር ምን እንደሚመስል ልንገርህ። እኔና ባለቤቴ ልጅ ስንጠብቅ ዓመታት አልፈዋል። አንዲት እህት የጓደኛችንን ሕፃን ታቅፋ ወደ እኔ ዞረችና «አንቺ ደግሞ ልጅ ልጅ አትበዪ፣ በጌታ ደስ ይበልሽ» አለችኝ። ሰው ሁሉ እየሰማ ነው። የሕፃኑ አንድ ካልሲ መሬት ወድቆ ነበር። አንስቼ አጠለቅኩለትና ወጣሁ። ልጅ ማጣቴ ሳያንስ ማዘንም ተከለከልኩ።

ጥያቄ አለኝ፦ እኔ አማኝ አይደለሁም፤ ግን ከልቤ ነው የምጠይቀው። ስታገኙ «እግዚአብሔር ሰጠ» ትላላችሁ። ስታጡ «መሻቴ ተለወጠ» ትላላችሁ። በሁለቱም መንገድ ጥቅሱ ትክክል ይሆናል። ሰው እኮ ያጣውን ነገር «ድሮም አልፈለግኩትም» ማለት ይወዳል። የእናንተ ደስታ ከተስፋ መቁረጥ በምን ይለያል?

ባለ ደብተሩ፦ ተስፋ የቆረጠ ሰው ያጣውን ነገር ያጣጥላል፣ ልቡም ይደነዝዛል። ጳውሎስን እይ። ለፊልጵስዩስ ሰዎች የጻፈው ታስሮ ነው። «ሁልጊዜ በጌታ ደስ ይበላችሁ» የሚለው እዚያው ደብዳቤ ላይ ነው። ግን ምዕራፍ 2 ላይ ወዳጁ አፍሮዲጡ ታሞ ለሞት ቀርቦ እንደነበር ይነግራቸዋል። እግዚአብሔር ባይምረው ኖሮ ኀዘን በኀዘን ላይ ይደራረብብኝ ነበር ይላል። በጌታ የሚደሰተው ሰው ወዳጁን ማጣት ያስፈራዋል። ይህ የደነዘዘ ልብ አይደለም።

መምህሩ፦ ልጄ ጠባቂዋ፣ ያ ንግግር ባይነገርሽ ኖሮ ምንኛ በወደድኩ። ልጅ ያልነበራትን የሐናን ታሪክ አብረን እንየው። ጣውንቷ ታበሳጫት ነበር። ባሏ ሕልቃና «እኔስ ከአሥር ልጆች አልሻልሽምን?» ይላታል። እሷ ወደ እግዚአብሔር ሄዳ አምርራ አለቀሰች። ወንድ ልጅ ብትሰጠኝ ለአንተው እሰጠዋለሁ ብላ ተሳለች። ልብ በሉ፣ ያ ልጅ የጣውንቷን አፍ ማዘጊያ ሊሆን ይችል ነበር። ገና ሳይፀነስ ለሌላ ዓላማ አሳልፋ ሰጠችው። ከዚያ ሄዳ በላች፣ ፊቷም ተፈታ። ሳሙኤል ግን ገና አልተወለደም። መሻት ሲለወጥ እኔ የማየው እዚህ ነው።

ጠባቂዋ፦ መምህር፣ እርስዎ ያሉት እውነት ነው። ግን ሐና ልመናዋን አልተወችም። ልጅ ፈለገች፣ ልጅ ብላ ለመነች። ካህኑ ዔሊ እንኳን የሰከረች መስሎት ገሥጿት ነበር፤ ኋላ ሲገባው ነው መርቆ የሸኛት። ልቧን የለወጠው እግዚአብሔር ነው፣ ያውም እያለቀሰች። ባሏም ካህኑም ዝም ሊያሰኟት ሞክረው አልሆነላቸውም።

መምህሩ፦ እቀበላለሁ። ጌታችንም በጌቴሴማኒ ጽዋው እንዲያልፍለት አስቀድሞ ለምኗል። «የእኔ ፈቃድ አይሁን የአንተ እንጂ» ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ለሚያለቅስ ሰው ሁለተኛውን ብቻ መስበክ ግፍ ነው። እኛ አስተማሪዎች ይህን አዘውትረን እናደርገዋለን።

የመዝሙር ወዳጅ፦ እንግዲያው መለመን አልተከለከለም ማለት ነው። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው።

ባለ ደብተሩ፦ አልተከለከለም። የምቃወመው «ደስ ይበልህ» የሚለውን ክፍያ አድርጎ የሚያቀርበውን ስብከት ነው። ደስ ከተሰኘህ መኪናው ይመጣል ከተባለ፣ የወደድከው መኪናውን ነው።

ጥያቄ አለኝ፦ ስለ አፍሮዲጡ የተባለው ነገር አሳምኖኛል ባልልም አሳስቦኛል። እኔ ግን ፈተና አለኝ። ያላገኘ ሰው ባገኘው ሰው መደሰት ከቻለ መሻቱ ተለውጧል እላለሁ። ባለ ደብተሩ ይህን ያለፈ ይመስለኛል። ጠባቂዋ፣ አንቺስ?

ጠባቂዋ፦ ዛሬ ከሆነ አላልፈውም። ጓደኞቼ ሲወልዱ የምጠይቅበት ቀን አለ፣ እቤት የምቀርበትም ቀን አለ። በሁለቱም ቀን እጸልያለሁ፣ አንዳንዴም በጸሎቱ መሃል ልቤ ቀለል ይላል። ገና አልተፈጸመም ካልከኝ እስማማለሁ። የለም ካልከኝ ግን አልስማማም።