ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ስብሰባ አለን፤ ደንበኛው በስፕሪንቱ መካከል አራት ለውጥ አዘዘ፤ ምን ይዤ ልግባ?

የማራኪው ፕሮግራመር (ጠያቂ)፣ ማክሰኞ ማታ 1፡10

ጤና ይስጥልኝ። ለረጅም ሰላምታ ጊዜ ስለሌለኝ ይቅርታ አድርጉልኝ። እዚህ ጎንደር አምስት ሆነን ለአንድ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር የአባላትን፣ የቁጠባንና የብድርን መዝገብ የሚይዝ ሥርዓት እየሠራን ነው። የምንሠራው ሥራን በአጫጭር ዙሮች ከፍሎ በሚመራው በስክረም ነው፤ ስፕሪንታችን፣ ማለትም አንዱ የሥራ ዙር፣ የሁለት ሳምንት ሲሆን ዛሬ ዘጠነኛው የሥራ ቀን ነው። ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁ የደረስንበትን ሊያዩ መጥተው ግማሹን እንኳ ሳይመለከቱ «እኔ ያልሁት ይህን አይደለም» ብለው ተነሡ። አራት ለውጦች አዘዙ፤ እነዚያ ሳይስተካከሉም ሁለተኛው ክፍያ እንደማይለቀቅ ነገሩን። የማኅበሩ ሒሳብ የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው፤ የቀረን ከሦስት ሳምንት ያነሰ ጊዜ ነው።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። በስፕሪንት መካከል ለውጥ አንቀበልም የማለት መብት አለን? ደግሞስ አጃይል (ስክረም የሚመደብበት፣ ሥራን በትንሽ በትንሹ እየሠሩ የማሳየት አካሄድ) ሰነድ አያስፈልግም እያለ እዚህ ካደረሰን፣ ሥራውን አቁመን የተሟላ የፍላጎት ሰነድ ጽፈን እያንዳንዱን ገጽ ብናስፈርማቸው አይሻልም? እባካችሁ ዛሬ ማታ መልሱልኝ።

ዘአዘዞ፣ 1፡18

ስብሰባው 3 ሰዓት ከሆነ ሥራ አስኪያጁ የሚደርሱት 4 ሰዓት ነውና ከወዲሁ አንድ ሰዓት አትርፋችኋል። ከቀልዱ መልስ፣ አራቱን ለውጦች ሳትነግረን ምን ብለን እንመልስልህ?

መምህር ነኝ፣ 1፡31

ውድ ጠያቂ፣ ችግሩን ከሥሩ መረዳት ያስፈልጋል። የሶፍትዌር ሥራ በቅደም ተከተል መመራት እንዳለበት የሶፍትዌር ባለሙያው ዊንስተን ሮይስ ገና እ.ኤ.አ. በ1970 በጽሑፋቸው አስተምረዋል፦ በመጀመሪያ ፍላጎት፣ ቀጥሎ ትንተና፣ ከዚያ ንድፍ፣ ከዚያ ኮድ፣ በመጨረሻም ሙከራና ሥራ ላይ ማዋል። በዛሬው ጊዜ ወጣቶቻችን ይህን «ፏፏቴ» ብለው እያቃለሉ በቢጫ ወረቀት ላይ አንድ አንድ መስመር ጽፈው ወደ ኮድ ይሮጣሉ፤ ውጤቱም አንተ የገጠመህ ነው። አንድ ፍላጎት የማያሻማ፣ የተሟላ፣ ከሌላው ጋር የማይጋጭና ሊረጋገጥ የሚችል መሆን እንዳለበት እ.ኤ.አ. በ2018 የታደሰው 29148 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ በግልጽ አስቀምጧል። ስለዚህ ያሰብኸው ልክ ነው፤ ሰነዱን ጽፈህ አስፈርም።

ከቸቸላ፣ 1፡44

መምህር፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ሮይስ ያን የቅደም ተከተል ሥዕል በጽሑፋቸው የሣሉት ሊያወድሱት አይደለም። ከሥዕሉ ሥር አሠራሩ አደገኛና ውድቀትን የሚጋብዝ መሆኑን ጽፈዋል፤ ምክንያታቸውም ሙከራው መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ስሕተቱ የሚታወቀው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው የሚል ነበር። «ፏፏቴ» የሚለው ቃልም በጽሑፋቸው ውስጥ የለም። ፏፏቴ ማየት ለሚፈልግ ጢስ ዓባይ ቅርብ ነው።

ወደ ጠያቂው ስመለስ፣ መነሻህ ራሱ የተሳሳተ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2001 አሜሪካ፣ ዩታ ውስጥ 17 ሰዎች ተሰብስበው የጻፉት የአጃይል መግለጫ ሰነድ አያስፈልግም አይልም፤ የሚሠራ ሶፍትዌርን ከተንዛዛ ሰነድ እናስበልጣለን ካለ በኋላ በቀኝ በኩል የተዘረዘሩትም፣ ሰነድን ጨምሮ፣ ዋጋ እንዳላቸው አክሎ ይመሰክራል። ብዙ ሰው የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ሳያነብ ነው መግለጫውን የሚጠቅሰው።

ሞካሪ፣ 1፡47

ለእያንዳንዱ ዩዘር ስቶሪ (ተጠቃሚው የሚፈልገውን በአጭሩ ለሚገልጽ ጽሑፍ) የመቀበያ መስፈርት፣ ማለትም ሥራው ተሟልቷል የሚባልበትን መለኪያ፣ ጻፉ። ሌላው ሁሉ ትርፍ ነገር ነው።

የማራኪው ፕሮግራመር (ጠያቂ)፣ 2፡02

ይቅርታ፣ ዝርዝሩን ዘንግቼው ነው። አንደኛ፣ የብድር መክፈያ ሠንጠረዡ «ተሳስቷል» አሉ፤ የመክፈያ ቀኑ 25 በሆነ አንድ ብድር ላይ ሥርዓቱ ከነሐሴ 25 ቀጥሎ ጳጉሜን 25 ብሎ አወጣ። ሁለተኛ፣ ገንዘብ ያዧ የአባል ስም ስትጽፍ «አልተገኘም» ይላል፤ አባሉ ግን ተመዝግቧል። ሦስተኛ፣ ደረሰኙ ላይ የሚታተመው ሰዓት እንዲቀየር ጠየቁ። አራተኛ፣ አባላት በቴሌብር መክፈል እንዲችሉ ይፈልጋሉ። ከእነዚህ አንዱም በባክሎጋችን (ልንሠራ በያዝነው የሥራ ዝርዝር) ውስጥ አልነበረም።

ዘአዘዞ፣ 2፡05

ጳጉሜን 25 የሚከፈል ብድር ከተገኘ እኔም ነገ ጠዋት አባል እሆናለሁ። ዋስ የሚሆነኝ አላጣም።

ሒሳብ ሹም ከፒያሳ፣ 2፡26

እኔ የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም፤ ነገር ግን በእንዲህ ያሉ ማኅበራት ሒሳብ ላይ ብዙ ዓመት ስለሠራሁ አንድ ነገር ልበል። ወንድሜ፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ለውጥ ማለትህ አስገርሞኛል። አባሎቻችን ደመወዝተኛም ይሁኑ የቅዳሜ ገበያ ነጋዴ ቁጠባቸውንና ብድራቸውን የሚከፍሉት በ12 ወር ነው፤ ጳጉሜን ደመወዝ ስለሌላት ወርኃዊ ክፍያ አይጠየቅባትም። ይህን ሥራ አስኪያጁ ያልነገሩህ ደብቀውህ ሳይሆን፣ ለሰው «ውኃ ያርሳል» ብሎ መንገር የሚመስል ስለሆነባቸው ነው።

ነገር ግን አንተ ካየኸው በላይ ሥራ አለበት። ወለዱ የሚታሰበው በወር ከሆነ ጳጉሜን እንደሌለች ታልፋለች፤ በቀን ከሆነ ግን አምስቱ ቀን ይቆጠራል፣ እንደ 2015 ዓ.ም. ባለው ዓመት ደግሞ ስድስት ይሆናል፤ የሚቀጥለው ባለ ስድስት 2019 ነው። መቀጫውስ? ነሐሴ 25 መክፈል የነበረበት አባል ጳጉሜን 3 ቢመጣ የዘገየው 8 ቀን ነው ወይስ ጳጉሜን ሳትቆጠር 5 ቀን? በመተዳደሪያ ደንቡ የዘገየ ክፍያ የሚቀጣው በወር ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ይህን የሚወስነው በጠቅላላ ጉባኤ የጸደቀው ደንብ እንጂ ሥራ አስኪያጁ በስልክ የሚሰጡህ መልስ አይደለም። የደንቡን ቅጂ ጠይቀሃቸዋል?

የቀድሞ ተንታኝ፣ 2፡49

እንደ ሒሳብ ሹሙ ያለ መልስ በክፍያም አይገኝ። በዚያው ላይ ልጨምር።

ሁለተኛው ጥያቄ የስም ፍለጋ ከሆነ መንስኤውን ለመገመት አያስቸግርም። መዝገቡ ላይ «ኃይሉ» ተብሎ የተጻፈውን አባል ገንዘብ ያዧ «ሃይሉ» ብላ ትፈልገዋለች፤ «ፀሐይ» የተባለችውን «ጸሀይ» ብላ ትጽፋለች። ለጆሮ አንድ ነው፤ ለዴታቤዝ ግን የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። መፍትሔው ስሙን መለወጥ አይደለም፤ ስሙ በመታወቂያው ላይ እንደተጻፈ መቀመጥ አለበት። ከጎኑ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሌላ ዓምድ ክፈቱና ሐን፣ ኀን፣ ሃን፣ ሓንና ኃን ወደ ሀ፣ ዐን፣ ኣንና ዓን ወደ አ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ፀን ወደ ጸ ከነዝርያቸው መልሱ። ገንዘብ ያዧ የምትጽፈውንም ከመፈለጋችሁ በፊት በዚያው መንገድ አሳልፉት። የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። የደረሰኙም ሰዓት ተመሳሳይ ነው፦ ማሽኑ 8፡40 ብሎ ያትማል፣ ከፋዩ ግን የመጣው ከጠዋቱ 2፡40 ላይ ነው።

ስለዚህ ነገ «ለውጥ» የሚለውን ቃል አታንሡ። አንድ ወረቀት ወስዳችሁ አራቱን ጥያቄዎች በሦስት ዓይነት ለዩ፦ ቃል ገብተን ያጎደልነው፣ ማንም ሳይናገረው ሁላችንም ልናውቀው ይገባ የነበረው፣ እና በእውነት አዲስ የሆነው። አዲስ የምለው ቴሌብሩን ብቻ ነው። ሦስቱን ያለ ክርክር ተቀብላችሁ፣ በአራተኛው ላይ ግን ቀንና ዋጋ ብትጠይቁ ሥራ አስኪያጁ የሚሰሟችሁ ይመስለኛል።

የመብት ጥያቄህን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. የ2020ው የስክረም መመሪያ የሚከለክለው የስፕሪንቱን ግብ አደጋ ላይ የሚጥል ለውጥን ነው፤ እውቀት ሲጨምር የሥራውን ስፋት ከፕሮዳክት ኦውነሩ (ምን እንደሚሠራና የቱ እንደሚቀድም ከሚወስነው ሰው) ጋር እንደገና መነጋገርን ግን ይፈቅዳል። ለመሆኑ የእናንተ ፕሮዳክት ኦውነር ማነው?

የማራኪው ፕሮግራመር (ጠያቂ)፣ 3፡04

እኔው ነኝ። ሥራ አስኪያጁ ጊዜ ስለሌላቸው በስልክ እየጠየቅኋቸው 34 ዩዘር ስቶሪ ጽፌያለሁ፤ ሁሉንም አንብቤላቸው «እሺ» ብለዋል። ስለዚህ ሳልጠይቅ ሠራሁ ማለት አይቻልም። መተዳደሪያ ደንቡን ግን አላየሁትም።

ከቸቸላ፣ 3፡13

«እሺ» ብለዋል ማለት ተስማምተዋል ማለት አለመሆኑን ጎንደር ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ ብዙ ጊዜ ስልኩን ለመዝጋት የሚባል ነው። ከአጃይል መግለጫው ጸሐፊዎች አንዱ የሆኑት ሮን ጄፍሪስ እ.ኤ.አ. በ2001 ስለ ዩዘር ስቶሪ ሲጽፉ ሦስት ነገር ያስፈልጋል ብለዋል፦ ካርዱ፣ በካርዱ ላይ የሚደረገው ውይይት፣ በውይይቱ የተባለው በትክክል መሠራቱን የሚያሳየው ማረጋገጫ። አንተ የያዝኸው 34 ካርድ ብቻ ነው። አንድ ቀን እንኳ ከገንዘብ ያዧ መስኮት ጀርባ ተቀምጠህ ብትውል ኖሮ ስም ሲጠፋባት በዓይንህ ባየህ ነበር። ሥርዓቱን በየቀኑ የምትጠቀምበት እርሷ ሆና ሳለ በጽሑፍህ ውስጥ ስሟ ያልተነሣው ዛሬ «አልተገኘም» እስካላት ድረስ ነው።

ሞካሪ፣ 3፡15

አስቀድሜ እንደገለጽሁት፣ የመቀበያ መስፈርት ጻፉ።

ዘአዘዞ፣ 3፡16

ሞካሪ ሆይ፣ ያ መስፈርት ራሱ መቼ ተቀባይነት እንደሚያገኝ መስፈርት አለህ?

ከዩኒቨርሲቲው መንገድ፣ 3፡22

ሦስት ሳምንት ብቻ ከቀራችሁ በዚህ ዓመት የሚመረቁ ሁለት ጎበዝ ልጆች ልላክላችሁ። ወዲያውኑ ሊጀምሩ ይችላሉ።

የቀድሞ ተንታኝ፣ 3፡40

ለቅን ሐሳብዎ አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን በዘገየ የሶፍትዌር ሥራ ላይ ሰው መጨመር ይብሱን እንደሚያዘገየው ፍሬድ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ1975 የጻፉት ዛሬም ይሠራል። ልጆቹን የሚያስተምረው ማነው? ያው የተጨናነቀው ጠያቂያችን ነው።

ሞካሪው በመድገሙ ቢያስቀንም የተናገረው ልክ ነው፤ እንዴት እንደሚጻፍ ግን አላሳየንም። ወንድሜ፣ ነገ የሚፈረም ሰነድ ይዘህ አትግባ። የሦስት እውነተኛ አባላትን የመዝገብ ቅጂ ከማኅበሩ አስፈቅደህ በጠረጴዛው ላይ አስቀምጥ፤ ገንዘብ ያዧም ከስብሰባው እንድትገኝ ዛሬውኑ ደውለህ ለምን። ከዚያ የአንዱን ብድር እርሷ በእጇ፣ በእስክርቢቶ ታስላው፤ አንተ እየተከተልህ ጻፍ። ዳን ኖርዝ የተባሉ የሶፍትዌር ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2006 ያስተዋወቁት አጻጻፍ እዚህ ይጠቅማል፤ መነሻው፣ ድርጊቱ፣ ውጤቱ ተለይቶ ይጻፋል። ለምሳሌ፦ «የአንድ አባል የመክፈያ ቀን ነሐሴ 25 ሆኖ ሳለ፣ አባሉ ጳጉሜን 3 ሲከፍል፣ ደረሰኙ ላይ ይህን ያህል ብር መቀጫ ይታያል»። ያቺን የብር ቁጥር ሥራ አስኪያጁና ገንዘብ ያዧ ተስማምተው ከሞሉልህ ፍላጎትም፣ የመቀበያ መስፈርትም፣ የምትሞክርበት ምሳሌም በአንድ ዓረፍተ ነገር አገኘህ። መምህር የጠቀሱት «ሊረጋገጥ የሚችል» የሚለው ቃልም ከዚህ የራቀ አይደለም።

ለተቀሩት ሥራዎች እስከ ሰኔ 30 የግድ የሆነውን ካልሆነው ለዩ። ዳይ ክሌግ የተባሉ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጡት መለያ የግድ፣ ይገባል፣ ቢሆን መልካም፣ ለአሁኑ ይቅር የሚል ነው፤ በዚህ መንገድ የሚሠሩ ሰዎችም «የግድ» የሚባለው ከጠቅላላው ድካም ከ60 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራሉ። ደንበኛ ሁሉን «የግድ» ማለቱ አይቀርምና፣ «ይህ ባይኖር ሰኔ 30 ሒሳብ መዝጋት ያቅታችኋል?» ብለህ ጠይቅ።

መምህር ነኝ፣ 3፡52

ስለ ሮይስ የተሰጠኝን እርማት ተቀብያለሁ። ሆኖም የማኅበሩ ደንብ፣ የወለዱ አቆጣጠርና መቀጫው በአንድ ቦታ በጽሑፍ ሳይሰፍሩ በቃል ውይይት ብቻ ይታለፉ መባሉን አልስማማበትም። ሥራ አስኪያጁ ነገ ቢለወጡ ምን ይዛችሁ ትከራከራላችሁ?

የቀድሞ ተንታኝ፣ 3፡58

በዚህስ አንለያይም፣ መምህር። አምስትና ስድስት ገጽ የሒሳብ ደንብ ይጻፍ፤ የማልደግፈው ስለ ገጽ ቀለም ሳይቀር የሚተርከውን 80 ገጽ ነው።

የማራኪው ፕሮግራመር (ጠያቂ)፣ 4፡07

ለገንዘብ ያዧ ደውዬላቸው ነበር። «እኔን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» አሉና ሁለት ተኩል ላይ እንደሚገኙ ቃል ገቡልኝ። ሦስቱን የመዝገብ ቅጂዎችም ከሥራ አስኪያጁ አስፈቅደው ይዘው ይመጣሉ። አሁን መብራት ጠፍቷል፤ የስልኬም ባትሪ እያለቀ ነው። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ የሆነውን ነገ እጽፋለሁ።

ዘአዘዞ፣ ዓርብ ቀን 6፡15

ወንድማችን ከስብሰባው ገና አልወጣም እንዴ? ሦስት ቀን ሆነው እኮ።

ሞካሪ፣ ዓርብ ማታ 12፡40

የመቀበያ መስፈርቱ ተጽፎ እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ሒሳብ ሹም ከፒያሳ፣ ቅዳሜ ጠዋት 4፡30

እኔም ምላሹን እየጠበቅሁ ነው። እስከዚያው ግን ያችን የጳጉሜን 3 ጥያቄ እኔ በማውቀው ሌላ ማኅበር ላሉ ሁለት ገንዘብ ያዦች ለየብቻ አቀረብሁላቸው። አንዷ 8 ቀን አሉኝ፤ ሌላው 5። ሁለቱም በአንድ መስኮት ነው የሚሠሩት።